ሦስተኛው ውሃ

የመጀመሪያው ትል ከእንጆሪው ውስጥ ብቅ ሲል የበሩ ደወል ጮኸ።

ሻኬድ ከብርጭቆው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ትሉ ነጭ ነው፤ ከክር ቁራጭ አይወፍርም። በጨው ውሃው ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጣና ተንሳፈፈ። ወዲያው ሌላ ተከተለው። ከታችኛው ፍሬ ደግሞ ሁለት አንድ ላይ ራሳቸውን አወጡ።

ከሳሎን የአባቷ የካሣዬ ድምፅ ተሰማ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ፣ ግቡ። ቄስ፣ ደፏ ከፍ ትላለች፣ ቀስ ብለው ይርገጡ።»

ብርጭቆውን ከውሃ ማፍሊያው ጀርባ ሸሸገችው። ከፊቷ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ እናቷ ከሰዓት በኋላ ያንተከተከችው የእንጆሪ ማርማላታ ተቀምጧል፤ እዚህ እስራኤል አገር ሪባ ይሉታል። ጥቁር ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ገና ለብ እንዳለ ነው። ለሻኬድ የቀረላት ሥራ ቀላል ነበር፤ ሳይቀቀል የተረፈውን አንድ እፍኝ ፍሬ ለጌጥ ከላይ መበተን። አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ልትጥል ስትል ነው በእንክብሎቹ መሃል የሚንቀሳቀስ ነገር ያየችው። ደንግጣ የቀሩትን ጨው ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው። አሁን ውጤቱን አየች።

ለጌጥ የተቀመጠው እንዲህ ከሆነ፣ ድስት የገባውስ?

ዛሬ የመጡት የያኢር ቤተሰቦች ናቸው። ያኢር ታላቅ እህቷን ሙኒትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ መልካም ሆኖ፣ ለመጨረሻው ንግግር አያቱ ራሳቸው ሊመጡ ተስማምተው ነበር። አያቱ የቤተ እስራኤል ካህን የሆኑት ቄስ ወርቅነህ ናቸው። ቄስ ወርቅነህ በየሰው ቤት እህል እንደማይቀምሱ በሰፈሩ፣ በጊቫት ኦልጋ፣ የማያውቅ የለም። ሰርግ ላይ ይባርካሉ፣ ልቅሶ ላይ ያጽናናሉ፣ የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ።

ለሻኬድ እናት ለሸዋጌጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብድባታል። እሷና ካሣዬ ጎንደር ከተማ ብዙ ዓመት ሲጠብቁ ኖረው ዘግይተው የመጡ ናቸው። የያኢር ቤተሰቦች ግን ከብዙ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል በእግር ቀድመው የመጡት ናቸው። የያኢር አክስት ያፊት፣ «እነሱ ዘግይተው የመጡት እዚያ ምን ሲበሉ እንደኖሩ ማን ያውቃል» ብላለች መባሉ ሸዋጌጥ ጆሮ ደርሶ ነበር። ሸዋጌጥ የሰማችውን ለማንም አልደገመችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወጥ ቤቷን በቀን ሁለት ጊዜ ትፈትግ ጀመር።

እንጆሪውን ያመጣው የያኢር ወሬ ነው። አያቱ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ምግብ እምቢ እንዳሉ፣ ስለ ወገራ ሲያወሩ ግን፣ በተለይ በልጅነታቸው ከአጥር ሥር እየለቀሙ ስለበሉት የዱር እንጆሪ ሲያነሱ፣ ፊታቸው እንደሚፈካ ለሙኒት ነገራት። ሙኒት ለእናቷ ነገረች። ሸዋጌጥም፣ «እሱማ እዚሁ ወንዙ ዳር አለ» አለች።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሻኬድ ባልዲ ይዛ ወደ ሀደራ ወንዝ ወረደች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ከታችኛው ፎቅ ጓደኛዋን ትሂላን ይዛት ሄደች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም። ከባሕር ዛፎቹ ሥር እዚህ ፔቴል የሚባለው የእንጆሪ ቁጥቋጦ እሾኹን አሹሎ ተንጣሏል፤ ፍሬው ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ቀይ ነው። እጃቸው እስኪቧጨር፣ ጣታቸው እስኪጠቁር ለቀሙ። ትሂላ እየለቀመች ትበላለች፣ እየበላች ታወራለች። ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ሸዋጌጥ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጥብቃ ነግራት ነበር። «ከውጭ ሲያዩት ማማሩ አያታልልሽ። ትሉ የሚኖረው ከውስጥ ነው። በመጀመሪያው ውሃ አለቅልቂው፤ ጉንዳኑና ሸረሪቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ጨው ጨምሪና ዘፍዝፊው፤ ቸኩለሽ እንዳታወጪው፣ ትሉ ራሱ እስኪወጣ ጠብቂ። ያንን ደፍተሽ በሦስተኛው ውሃ እጠቢውና ነጩ ጨርቅ ላይ አስጪው። ከዚያ አንድ በአንድ እዪ። የተጠራጠርሽውን ጣዪ። ትንሽ ይሁን፣ ግን ንጹሕ ይሁን።»

የመጀመሪያውን ውሃ ሻኬድ በደንብ ሠርታዋለች። ጉንዳኖች ተንሳፈፉ፤ አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ከሳፋው ጠርዝ ላይ ወጥታ ክንፏን አራገፈች። ልክ ጨው ልታነሳ ስትል ሙኒት ደወለች። ልታሳጥረው የሰጠችው ቀሚስ ሀደራ መሃል ከተማ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ ሰውየው ዛሬ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ እሷ ከሥራ መውጣት ስላልቻለች ሻኬድ ሄዳ እንድታመጣላት ለመነቻት።

«ሂጂ» አለቻት ትሂላ። «እኔ እጨርሰዋለሁ። ማ ፒቶም፣ ምን ነካሽ፣ እንጆሪ ማጠብ ያቅተኛል?»

ሻኬድ ከአውቶቡስ ወርዳ ቀሚሱን ታቅፋ ስትመለስ ትሂላ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። ፍሬው ማጥለያው ላይ ሆኖ ይንጠባጠባል።

«አለቀ» አለች ትሂላ።

«ጨውም?»

«ጨውም፣ ሁሉም። ሰባባ ነው፣ ምንም አይልም፣ እመኚኝ። አሁን ያላ፣ እንሂድ፣ ልጆቹ ባሕር ዳር እየጠበቁን ነው።»

ነጩ ጨርቅ እናቷ አጣጥፋ ካስቀመጠችበት ወንበር ላይ ነበር። እጥፉ አልተነካም። ደረቅ ነው። ሻኬድ አይታዋለች። ምናልባት በሌላ ጨርቅ ተጠቅማ ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረችና የዋና ልብሷን ልትፈልግ ገባች።

ከባሕሩ መልስ፣ እናቷ ከሥራ ተመልሳ ድስቱን ከመጣዷ በፊት ፍሬውን በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። «ሦስት ውሃ?» አለቻት።

«ሦስት ውሃ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ» አለች ሻኬድ። እንዴት እንዲህ ቀሎ እንደወጣላት አሁን ሲታሰባት ፊቷ ይግላል።

ሳሎን ውስጥ ወንበር ይሳባል፤ ሰላምታው ገና አላለቀም። ሻኬድ በወጥ ቤቱ በር ወደ በረንዳው ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችና ደወለች። ከሩቅ የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ባሕሩ ላይ ቆመዋል። ትሂላ ቶሎ አነሳችው።

«እህስ? መጡ?»

«ትሂላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽዋል?»

ትሂላ የምትሰማውን ሙዚቃ ቀነሰችው። 

«አንዴ አለቀለቅኩት» አለች። «በደንብ ነው ያለቀለቅኩት ግን። ንጹሕ ነበር፣ ሻኬድ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ትል አለበት። አሁን ጨው ውሃ ውስጥ ከትቼ አየሁት። እየወጣ ነው።»

«ኦፍ። እሺ፣ እንግዲህ ተቀቅሏል አይደል? ከስኳር ጋር እሳት ላይ ሲንተከተክ የቆየ ትል ምን ያደርጋል? ማን ያየዋል?»

«ቄሱ ሊበሉት ነው። ትል መብላት በኦሪት ክልክል ነው።»

«ሰውየው የትም አይበሉም አላልሽም? አይበሉም እንግዲህ። ዲ፣ በቃ፣ ነገሩን ትልቅ አታድርጊው።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፤ ሹክሹክታ ሆነ። «ስሜን እንዳትጠሪ። የኔ እናትና ያንቺ እናት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ታውቂያለሽ። ኢማ፣ እናቴ፣ ካወቀች በጋውን ሙሉ ከቤት አታስወጣኝም። ቃል ግቢልኝ። በቀልድ አይደለም።»

ሻኬድ ምንም ሳትመልስ ዘጋችው።

ወደ ውስጥ ስትመለስ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ዳቦውን ሰፌድ ላይ እያደረገች ነበር። ሸዋጌጥ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ፊቷ ሻኬድ ለረጅም ጊዜ ያላየችው የፈካ ፊት ነበር።

«ኢማ…»

«ሰማሽ?» አለች ሸዋጌጥ በቀስታ፤ ሳቋን አፍና። «ዳቦ አምጡ አሉ። ራሳቸው። ያፊት ዓይኗን አፈጠጠች። ውሃ ብቻ ነው የሚወስዱት ብላ ነበር እኮ በሩ ላይ፤ እሳቸው ግን የዚህን ቤት ዳቦ እቀምሳለሁ አሉ። ገብቶሻል ይሄ ምን ማለት እንደሆነ?»

«ኢማ፣ አንድ ነገር…»

«ቆይ፣ ቆይ። በኋላ።» የሪባውን ሳህን አነሳች። «ፍሬውን ከላይ አልበተንሽም? ተይው፣ እንዲሁም ያምራል። ማንኪያዎቹን ይዘሽ ነይ።»

መናገር ነበረባት። እናቷ ከሰፌዱ ጋር ደፉን እስክትሻገር ድረስ ጊዜ ነበራት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሻኬድ የእናቷን ፊት አየችና ማንኪያዎቹን ከመሳቢያው ማውጣት ጀመረች። ሸዋጌጥ ወጣች። ሻኬድ ማንኪያዎቹን ይዛ ተከተለቻት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመልሳ ጉበኑን ተደግፋ ቆመች።

ቄስ ወርቅነህ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጥምጥም አድርገዋል። ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ያኢር አጠገባቸው ሆኖ ክርናቸውን በቀስታ ይይዛል፤ ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው እያለ እጃቸውን ይመራል። ሻኬድ ዓይናቸውን አየች። ሁለቱም ብሌኖች ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። ሁለት ሽማግሌዎች በግራ በቀኝ አሉ። ያፊት፣ የያኢር አክስት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መደርደሪያዎቹን ትቃኛለች። ሙኒት በተስተካከለው ቀሚስ ከአባቷ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ይህ የሚሸተኝ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ወርቅነህ።

«እንጆሪ ነው፣ አባባ» አለች ሸዋጌጥ። «የዱር እንጆሪ።»

«የዱር?» አፍንጫቸውን ወደ ሳህኑ አስጠጉ።  «እዚህ አገር?»

«ወንዙ ዳር አለ። ልጄ ሻኬድ ናት ለእርስዎ ብላ የለቀመችው።»

ያፊት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንጆሪ እኮ ትል ይበዛበታል፣ አባባ። እኛ ከሱቅ እንኳ አንገዛውም። ረባኒሞቹ፣ የሃይማኖት መምህራኑ፣ ራሳቸው ተጠንቀቁ ይላሉ።»

ሸዋጌጥ ወደ ያፊት ዞረች። «በሦስት ውሃ ነው የታጠበው። በጨው ተዘፍዝፎ፣ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ፣ ልጄ አንድ በአንድ በዓይኗ አይታዋለች።»

«ልጅቱ አይታዋለች?» አሉ ቄሱ።

«አይታዋለች።»

«እንግዲያው ይበቃል» አሉና እጃቸውን ወደ ዳቦው ዘረጉ። «እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በሰው ዓይን ነው የምበላው።»

ያኢር ዳቦውን አስያዛቸው። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው በግዕዝ ሲጀምሩ ሁሉም ዝም አለ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን አይቆራረጥም። ባርከው ሲጨርሱ ሁሉም አሜን አለ። ሻኬድም በአፏ ብቻ አሜን አለች። ዳቦውን ቆረሱ። ያኢር ሳህኑን አስጠጋላቸው። ቁራሹን ሪባው ውስጥ አጠቀሱ። ቀዩ ነገር በዳቦው ላይ ቀስ እያለ ወጣ።

«አባባ፣ አይብሉት» አለች ሻኬድ።

ድምጿ እንዳሰበችው አልወጣም። ሙኒት ብቻ ቀና ብላ አየቻት። ቁራሹ ከጠረጴዛው ተነሥቷል። ሻኬድ ከጉበኑ ተላቃ ወደ ፊት ተራመደች።

«አባባ። እባክዎ፣ አይብሉት።»

የቄሱ እጅ አየሩ ላይ ቆመ። ከዳቦው አንዲት ጠብታ ሪባ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወደቀች።

«ሻኬድ» አለ አባቷ። «ምን ሆነሻል?»

«አልታጠበም» አለች። «ማለቴ… ታጥቧል፣ ግን እንደተባለው አይደለም። ጨው አልገባበትም። ጨርቅ ላይም አልተሰጣም። ትል አለበት።» ወደ እናቷ መመልከት አልቻለችም፤ ጠብታዋን እያየች ቀጠለች። «ለኢማ ሦስት ውሃ ያልኳት ውሸት ነው። እሷ አታውቅም። እኔን አምና ነው የተናገረችው።»

ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማል። ሸዋጌጥ ሰፌዱን እንደያዘች ቆማለች። ያፊት ያነሳችውን ማንኪያ መልሳ አስቀመጠች፤ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ተጋጨ።

«እኔ ተናግሬ ነበር» አለች። «ይሄ ነው የፈራሁት።»

«ቆይ ያፊት» አሉ ቄስ ወርቅነህ። ፊታቸውን ወደ ሻኬድ ድምፅ አዞሩ። «ትሉን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«አምጪው።»

ሻኬድ ወጥ ቤት ገባች። ከውሃ ማፍሊያው ጀርባ ያለውን ብርጭቆ አነሳች። አምጥታ እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። ሽማግሌው ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ አራቁት።

«ለእኔ ውሃ ነው» አሉ። «ንጹሕ ውሃ።» ወደ ያፊት ዘረጉት። «አንቺ እዪልኝ።»

ያፊት ተቀብላ አየች። ወዲያው ከፊቷ አራቀችው። «ብዙ ነው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ማነው ሳይዘፈዝፍ የተወው?» ሲሉ ጠየቁ ቄሱ።

ሻኬድ የትሂላ ስም ምላሷ ላይ መጣ። ቢወጣ ይቀልላት ነበር፤ ግማሹ ሸክም ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርድ ነበር። «ሥራው የእኔ ነበር» አለች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አጠብኩት ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው የቀረውን ሊሰሙ እንደሚፈልጉ ሰው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ሌላ አልጠየቁም። ሪባ የነካውን ቁራሽ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ አኖሩና ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ያኢር ሊነሱ ነው ብሎ ክርናቸውን ያዘ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዘራውን ፈለገ።

«ዳቦውን ማን ጋገረው?» አሉ ቄስ ወርቅነህ።

 ሸዋጌጥ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ።»

«ዱቄቱን ማን ነፋው?»

«እኔ። በእጄ።»

«ጨው ካላችሁ አቀብሉኝ።»

ሙኒት ተነሥታ አመጣች። ሽማግሌው ሌላ ቁራሽ ቆረሱ፣ ጨው ነካ አደረጉና በሉ። ጥርሳቸው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አላመጡ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ሸዋጌጥ እስኪውጡ ድረስ አልተነፈሰችም። ያፊት ቦርሳዋን እንደያዘች ቆየች፤ ከዚያ እሷም ከዳቦው ጥቂት ቆረሰች፤ አልበላችውም፣ ጣቷ መሃል ፍርፋሪ አደረገችው።

ጨዋታው ቀጠለ፤ እንደ ጀመረው ግን አልነበረም። የሰርጉ ቀን ሳይቆረጥ ቀረ። «በሚቀጥለው ወር እንነጋገራለን» አለ አንደኛው ሽማግሌ፤ ይህ መልካም ይሁን ክፉ ሻኬድ ከድምፁ ልትለይ አልቻለችም። ሲወጡ ያፊት ሸዋጌጥን ሳትስም አለፈች። ቄስ ወርቅነህ ደፉ ላይ ቆም ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሸዋጌጥ ጎንበስ ብላ ሳመችው። 

ካሣዬ እንግዶቹን ሊሸኝ ወደ መኪናው ወረደ። በሩ እንደተዘጋ ሙኒት ዞረችባት። ልታለቅስ የደረሰች ትመስላለች።

«ለእኔ ሹክ ብትይኝ ምን ነበረበት? ሳህኑን አውጥቼ እደፋው ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ነው የግድ?»

ሻኬድ ጊዜ ነበራት፤ ያንን ጊዜ በረንዳ ላይ ስልክ እያወራች አጥፍታዋለች። ሙኒት መልስ ሳትጠብቅ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ወጥ ቤት ውስጥ ሸዋጌጥ ሪባውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፍታ ድስቱን ትፈትጋለች። ነጭ ቀሚሷን አልቀየረችም። ክንዷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተፈናጥሯል።

«ኢማ» አለች ሻኬድ።

«አሁን አይደለም።»

ሻኬድ ቆማ ጠበቀች። ውሃው ይወርዳል። ሸዋጌጥ ፊቷን ሳታዞር፣ «እሳቸው ፊት ያልሽው አይደለም የከበደኝ» አለች። «እዚህ ቆመሽ፣ ዓይኔን እያየሽ፣ እኔ ራሴ ያልሽኝ ነው። እኔ በዚያ ቃል ነው አፌን ሞልቼ የተናገርኩት።»

ሻኬድ ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ከድስቱና ከእናቷ ክንድ ፊት ትንሽ መሰላት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዋትሳፕ ነው፤ ከትሂላ። «ሲሄዱ አየኋቸው። ደረጃው ላይ ነኝ። ነይ ውጪ።»

ትሂላ ከታች ሦስተኛው እርከን ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማለች። ደረጃው መስኮት ስለሌለው ቀንም ጨለማ ነው፤ መብራቱን ተጭናዋለች።

«በሴደር ነበር? ደህና አለፈ?» አለች።

«ነገርኳቸው።»

የትሂላ ፊት ገረጣ። «ሁሉን?»

«ትል እንዳለበት። እንደዋሸሁ።»

«ስለኔስ?»

«አልጠራሁሽም።»

ትሂላ እርከኖቹን ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ፀጉሯ የባሕር ጨው ይሸታል። «ነሻማ ነሽ፣ ነፍሴ» አለች። «እኔ ብሆን አልችልም ነበር። ነገ ባሕር እንሄዳለን፣ በሴደር? የአርቲክ አይስክሬሙ በእኔ ነው። ሁሉም ነገር አለፈ፣ ታያለሽ።»

ሻኬድ እጆቿን አላነሳችም። ከኋላዋ፣ ገርበብ ባለው በር በኩል፣ ድስቱ ሲፈተግ ይሰማል።

«አላለፈም» አለች። «ኢማ አሁንም የምታውቀው የኔን ብቻ ነው።»

ትሂላ ወደ ኋላ አለች። «ቃል ገብተሽልኛል።»

«አልገባሁም። ዘጋሁት እንጂ ምንም አላልኩም።» ሻኬድ ቃላቱን እየፈለገች ተናገረች። «አልነግርብሽም፣ ትሂላ። ግን ከዛሬ በኋላ አልዋሽልሽምም። ኢማ ከጠየቀችኝ አልክድም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ገብቼ ምን ልበላት? ታውቂያታለሽ እኮ፣ ለኔ እናቴ ማለት ናት። እንዴት አድርጌ ዓይኗን አየዋለሁ?»

ሻኬድ ይህን ጥያቄ ትሉን ካየች ጀምሮ ለራሷ ስትጠይቅ ነበር።  ጓደኛዋን ትንሽ አየቻትና ዞራ ገባች።

ከመስቀያው ደረቅ ፎጣ አውርዳ እናቷ አጠገብ ቆመች። ሸዋጌጥ አላባረረቻትም። አንድ ሳህን አጥባ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፤ ሻኬድ አንሥታ አደረቀችው። ሁለተኛው መጣ።  በመተላለፊያው በኩል የደረጃው መብራት በራሱ ሲጠፋ ታየ፤ ከዚያ አንድ ሰው ተጫነውና እንደገና በራ።

ሸዋጌጥ ቀና አለች። «በሩ ክፍት ነው እኮ» አለች፤ ከዳቦው ወዲህ ለልጇ ፊቷን ስታዞር የመጀመሪያዋ ነበር። «ማን አለ?»

«አውቃለሁ፣ ኢማ» አለች ሻኬድ፣ ሌላ ሳህን እያነሣች። «ትንሽ ክፍት ይቆይ።»